እድር ከድንኳኑ በፊት ይድረስ

በከተማችን በእንጅባራ (ቆሰበር) አንድ አዛውንት ሲያርፉ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ንፍሮና ቡና ያደርሳል፤ ሐዘንተኛው ለቀናት ብቻውን አይተውም። እኒያ አዛውንት ግን ከዚያ በፊት ልጃቸውን «ማን ነሽ?» እያሉ፣ የበሉትን አልበላሁም እያሉ፣ በሌሊት ተነሥተው በር እየደበደቡ ዓመታት ኖረው ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ስንቶቻችን ገብተን ጠየቅናቸው? እድርተኞች ሆይ፣ ይህን ጥሪ የምጽፈው ስለ እነዚያ ዓመታት ነው።

«ጃጅተዋል» ብለን እናልፈዋለን። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ይህ የመርሳት ሕመም ግን ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሁሉም አረጋዊ አይታመመውም። እርግማንም የዛር ሥራም አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ከሕመሙ ጋር የሚኖሩት 57 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። ዋነኛውን መንስኤ አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ የሽንት ኢንፌክሽን እንኳ ሰውን ያስረሳሉ፣ ያምታታሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ስለዚህ እናታችሁን ሳታስመረምሩ ተስፋ አትቁረጡ። ጸበል የምትወስዷቸውም ከጸበሉ ጋር ጤና ጣቢያውን አትርሱ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የተምታታባቸው እንደሆነ ደግሞ ሳታሳድሩ ውሰዷቸው።

ከታማሚው ባልተናነሰ የምታሳስበኝ አስታማሚዋ ናት። ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ጉልቷን ትተዋለች፣ ማኅበሯን ትተዋለች፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳ ይናፍቃታል፤ ሌሊት እንቅልፍ የላትም፣ ቀን የሚተካት የለም። ወንድሞቿ ከሩቅ ብር ይልኩ ይሆናል። እሷ የምትፈልገው ግን ተቀምጦ የሚጠብቅላት ሰው ነው። እድሮች ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ተራ ማውጣትን እንደ እናንተ የሚያውቅ የለም። በየእድራችሁ እንዲህ ያለ ታማሚ ያለበትን ቤት ለዩ፤ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን እንኳ የሚተካ ሰው መድቡ። ተተኪው አዛውንቱን አይከራከር፣ አይሳቅባቸው፤ የሞተ ወንድማቸውን ቢጠሩ ስለ ወንድማቸው ያጫውታቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ አረጋውያኑም ጠይቁ። የማያነብን ሰው ቀንና ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ብዙ አያሳይም። የገበያ ቀን ይጠፋባቸዋል ወይ? ቡና ማፍላት ላይ ቅደም ተከተሉ ይሳሳትባቸዋል ወይ? ብላችሁ ቤተሰቡን ጠይቁ። በአዊኛ አፋቸውን የፈቱ አዛውንት ዘግይተው የተማሩት አማርኛ ቀድሞ ሊርቃቸው ይችላልና በአዊኛ አነጋግሯቸው። የእንጅባራ ጠቅላላ ሆስፒታልም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላቸው ለሚመጡት አንድ የታወቀ ተጠሪ ይመድብ፤ ቤተሰብ ከክፍል ክፍል መንከራተቱ ይቅር። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራን ደግሞ አስታማሚዎችን እንዴት እንደሚያጥቡ፣ እንደሚያበሉ፣ ቁጣን እንደሚያበርዱ በየቀበሌው ያሠልጥኑ።

ለአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተለየ ልመና አለኝ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ፣ በገጠሩም በከተማውም አባላት ያሉት ማኅበር ነው። የመርሳት ታማሚ ከቤት ወጥቶ ይጠፋል፤ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውራ ጎዳና ደግሞ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የደጋው የሌሊት ብርድም አይምሬ ነው። አዛውንት ሲጠፉ ቤተሰብ የሚደውልለት ሰው በየቀበሌው ሰይሙ፤ ፍለጋው ሳይመሽ ይጀመር። ቤተሰቦችም በአዛውንቱ ጋቢ ጠርዝ ላይ የስልክ ቁጥር ስፉ።

መስከረም 11 የዓለም አልዛይመር ቀን ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። በሚመጣው የእድራችሁ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና ይህን ጉዳይ አጀንዳ አስይዙ፤ ተራ ሲወጣም በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ።