ኪቦርድ ይነቀላል
ይድረስ የሊኑክስን የዲስፕሌይ ሰርቨር ፕሮቶኮል ለምትነድፉ፣

ቅሬታዬን ላስቀድም። ማውስና ኪቦርድ ዕድሜ ልካቸውን ተሰክተው የሚኖሩ ይመስል ንድፉን ትጨርሱና፣ መንቀልና መሰካቱን ኋላ ትለጥፉበታላችሁ። ይህን ልማድ ተዉት።

ኤክስ11 የሚባለው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ማንም አይወቅሳችሁም ነበር። ዩኤስቢ ግን በ1996 መጣ፤ የኤክስ ሰርቨር አዲስ የተሰካ መሣሪያን በራሱ መቀበል የጀመረው በ2007፣ በስሪት 1.4 ነው። ያኔም ሥራው ሃል ለሚባል ፕሮግራም ተሰጠ፤ ተጠቃሚው የኪቦርዱን ምርጫ በኤክስኤምኤል መጻፍ ተማረ። በ2010 ስሪት 1.8 ዩዴቭ ወደሚባል ሌላ ፕሮግራም ዞረ፤ የተማረውን ሁሉ ውኃ በላው።

ዛሬም በኤክስ ላይ በትእዛዝ አማርኛ ያደረጋችሁት ኪቦርድ ተነቅሎ ሲሰካ ወደ ነባሩ አቀማመጥ ይመለሳል። ትእዛዙ የሚሠራው በሰዓቱ በተሰኩት ላይ ብቻ ነው፤ ተመልሶ የመጣውን ሰርቨሩ እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል። ምርጫው የሰውዬው ሆኖ ሳለ ለገመዱ ሰጣችሁት።

ኤክስን እየተካ ያለው ዌይላንድ እዚህ ላይ ይሻላል። «መቀመጫ» የሚባለው አካል ጠቋሚ፣ ኪቦርድ ወይም ንክኪ እንዳለው ብቻ ለአፕሊኬሽኑ ይናገራል፤ ሁለተኛ ማውስ ቢጨመር አፕሊኬሽኑን አያገባውም። ችግሩ የመጨረሻው ማውስ ሲነቀል ነው። ሰርቨሩ «ጠቋሚ የለም» ሲል አፕሊኬሽኑ «ጠቋሚውን ስጠኝ» ብሎ ልኮ ሊሆን ይችላል፤ መልእክቶቹ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። በዌይላንድ የፕሮቶኮል ጥፋት ግንኙነት ያስቆርጣል፤ ማውስ በመንቀል ብቻ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ሊጠፋ ነው። ደንቡ ታዲያ መቀመጫው ቀድሞ ጠቋሚ ኖሮት ከነበረ ጥያቄው ጥፋት አይደለም ይላል። ብልህ መልስ ነው፤ የጻፈው ሰው ሲነቀል ያየ መሆን አለበት። ይሁንና አፕሊኬሽኑ ጠቋሚውን በወጉ የሚመልስበት ጥያቄ የገባው በሦስተኛው ስሪት፣ መቀመጫውን ራሱን የሚመልስበት ደግሞ በአምስተኛው ነው። መቀበያውን ስትጽፉ መመለሻውን ማን አስታወሰ?

ስለዚህ ለሚቀጥለው ረቂቅ አንድ ልመና አለኝ። የስንብቱን መልእክት ከመምጫው እኩል ጻፉ። ከዚያ አንዳችሁ ሺፍትን ተጭኖ እንደያዘ ገመዱን ይንቀል። ሊብኢንፑት የሚባለው የግብዓት መሣሪያዎች ላይብረሪ ይህን ያውቃል፤ ተጭነው የቀሩትን ቁልፎች ራሱ ይለቃቸዋል። የእናንተ ረቂቅ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ካልተናገረ፣ እባካችሁ አታጽድቁት።