ካርታ አላችሁ?

ሰኔ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የሆነውን የሩጫ ወዳጆች ታስታውሱታላችሁ። ሰንበሬ ተፈሪ የፒችትሪን የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ እየመራች መጨረሻው ጋ ደርሳለች። ለአሸናፊዋ 10 ሺህ ዶላር ተዘጋጅቷል። በዚያች ቅጽበት ከፊቷ ይሄድ የነበረው የፖሊስ ሞተር ሳይክል ከመሮጫው ወጥቶ ታጠፈ፤ ሰንበሬም ተከትላው ታጠፈች። ነገሩ ገብቷት እስክትመለስ ድረስ አለፏትና ሦስተኛ ወጣች። አንደኛ የሆነችው ሌላዋ የአገራችን ልጅ ፎትየን ተስፋይ ነበረች።

በሰንበሬ ሊፈርድ የሚቃጣው ካለ ከኛ ጋር ይጣላል። ሯጭ ከፊቱ ያለውን መሪ ተሽከርካሪ እንዲከተል ነው የሚጠበቅበት፤ እሷም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ያ ሞተር ሳይክል ከአትላንታ ይልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ይበዛል።

መቼም በሩጫ የታወቅን ሕዝብ ነን። የምናውቀው ሩጫ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ መንገዱን ሌላ ሰው የመረጠው፣ ከኛ እግርና ሳንባ ብቻ የሚጠየቅበት። ታላቁ ሩጫን አንጠላም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን ቲሸርት አልብሶ ሲያስጨፍራት ኖሯል፤ እሰየው ነው። ግን ከ40 ሺህ በላይ ሰው በሚወጣበት በዚያ እሁድ “አሁን በየት ልሂድ?” ብሎ የሚያስብ አንድም ሰው የለም። ፊት ያለው የሄደበት መንገድ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሥራ ፍለጋውም፣ ፖለቲካውም በዚሁ ሒሳብ ሲኬድ እያየን ለምን እንገረማለን?

ኦሪየንቲሪንግ የሚባል ስፖርት አለ። ስሙ ለአፍ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ካርታና ኮምፓስ ይሰጣችኋል። ካርታው ላይ ተራ ቁጥር ያላቸው ክቦች ታትመዋል፤ መሬቱ ላይ ደግሞ በየክቡ መሀል ነጭና ብርቱካናማ ምልክት ተሰቅሏል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ደርሶ ቀድሞ የተመለሰ ያሸንፋል። ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው በየት በኩል እንደምትሄዱ የሚነግራችሁ የለም። በዳገቱ ማቋረጥ ይሻላል ወይስ በጅረቱ ዳር መዞር? ወሳኙ እናንተ ናችሁ። ተወዳዳሪዎች በአንድና በሁለት ደቂቃ ልዩነት አንድ ባንድ ነው የሚለቀቁት። አንዱ ሌላውን እየተከተለ እንዳይሮጥ ነዋ! መከተል የተከለከለበት ሩጫ ይሏችኋል ይሄ ነው።

እኛ የምንለው፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ሩጫ የሚያዘጋጅ አነስ ያለ የበጎ ፈቃደኞች ክበብ ያስፈልገናል። ፌዴሬሽን ሳንጠብቅ፣ ስፖንሰር ሳንለምን።

“የፈረንጅ ጨዋታ ነው” የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። እርግጥ ነው፣ ስፖርቱ የስካንዲኔቪያ ወታደሮች ልምምድ ነበር፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደውም እ.ኤ.አ. በ1897 ኖርዌይ ውስጥ ነው። ግን ኮልፌ ለእንዲህ ያለ ነገር ባዕድ ናት የሚል ሰው ሰፈራችንን አያውቃትም። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። ቀን ቀን ሲሠለጥኑ ይውሉና ከአሥር ሰዓት በኋላ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ጦር ሳይንስ ያስተምሯቸው ነበር። ማንዴላ በግለ ታሪካቸው እንደተረኩት፣ ከወደዷቸው ልምምዶች አንዱ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ብቻ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስ ነበር። የአካባቢውን ጫካና ደጋ የተዋወቁትም በዚያ ጉዞ ነው። እንግዲህ ጠመንጃውንና ጥይቱን አስቀምጡና የቀረውን ተመልከቱ፤ ኦሪየንቲሪንግ ሊሆን ምን ቀረው?

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ “ስልክ እያለ ካርታ ምን ያደርጋል?” የሚለው ነው። ስልኩ “ወደ ቀኝ ታጠፍ” ሲላችሁ የምትታጠፉ ከሆነ ያው ሞተር ሳይክሉ ኪሳችሁ ገባ ማለት ነው። በዚያ ላይ የዓለም ባንክ ልጅ አጠና ተራን፣ የአጠና ተራ ልጅ ካራ ቆሬን የት ያውቃል? የታክሲ ረዳት ሲጠራው ሰምቶ ካልሆነ! ሁላችንም የምናውቀው ከቤታችን ወደ መርካቶና ወደ ሜክሲኮ የሚወስደውን አንድ መስመር ነው። ለሴቶቹ ደግሞ መስመሩ ከዚህም ያጥራል፤ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ታክሲ። ያለ ምክንያት በማታውቀው መንደር የምትዞር ሴት ልጅ ስንት ዓይንና ስንት ለከፋ እንደሚከተላት ይታወቃል። ደረቷ ላይ ቁጥር ለጥፋ፣ ከጓደኛዋ ጋር ተጣምራ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ውድድር ስትሮጥ ግን ምክንያቷ በእጇ ነው።

አቅጣጫ የምንነጋገረው “ከመስጊዱ ወረድ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊ በር” እየተባባልን ነው። ደስ ይላል። ታዲያ ወፍጮ ቤቱ ሲፈርስስ? ይቺ ከተማ የምትፈርስበትና የምትሠራበት ፍጥነት ትዝታችንን ቀድሞታል።

ለነገሩ አዲስ አበባ ውስጥ “ካርታ አለህ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ አገር ቅርጽ እየጠየቀ አይደለም። የቤት ባለቤትነት ወረቀት ነው የሚፈልገው። ካርታ ያለው የተከበረ ነው፤ የሌለው ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም። የሰፈሩን ካርታ ይዞ በየቀበናው ዳርና በየጉራንጉሩ የሚዞር ወጣት ደግሞ ከሁለት አንዱ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ወይ ደላላ ወይ ሰላይ። እኛ ታዲያ የቤት ካርታ ባይኖረንም የሰፈር ካርታ ይኑረን እንላለን። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ለምን ቀልድ እንዳልሆነ እንንገራችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ፣ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሥሩ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ክምሩን አላዩትም የሚል ካለ ዋሽቷል፤ በየቀኑ ያዩት ነበር። እዚህ አገር ግን በዓይን የታየ ነገር በወረቀት ካልሰፈረ “ወሬ” ይባላል። የኦሪየንቲሪንግ ካርታ ላይ የመሬቱ ከፍታ በመስመሮች ይሣላል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ቁልቁለቱ በርትቷል ማለት ነው፤ ይሄን የ12 ዓመት ልጅ በአንድ እሁድ ይማረዋል። ካርታ የክምርን መናድ እንደማያስቆም እናውቃለን። ነገር ግን “ቁልቁለቱ ይኸው፣ ቤታችን ይኸው፣ መሀላቸው ያለው ርቀት ይኸው” ብሎ ወረቀት ዘርግቶ የሚጠይቅን ወጣት “ወሬኛ” ብሎ መመለስ ይከብዳል። በልጅነታችን ኳስ የተጫወትንበት ሜዳ ሲታጠርም እንደዚሁ ነው። የት እንደነበረና ምን ያህል እንደነበር የሚያሳይ ካርታ ከሌለን የሚቀረን ቁጭት ብቻ ነው።

ወጪውስ? ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የሰፈራችሁን ካርታ በነፃ ታገኛላችሁ፤ ያልተሣለውን ጉራንጉር፣ ደረጃና የእግር ድልድይ ራሳችሁ በእግራችሁ ዞራችሁ ትጨምራላችሁ። አንድ ሴንቲ ሜትር 40 ሜትር እንዲሆን አድርጋችሁ በፎቶ ኮፒ ታባዛላችሁ። ለምልክት መስቀያ አጠና ይበቃል፤ የአጠና ችግር ያለበት ሰው መቼም የአጠና ተራ ጎረቤት አይደለም። ሁለት ቀለም ጨርቅ፣ አንድ የእጅ ሰዓት፣ አሥር ፈቃደኛ ሰው። ዋና አስፋልት የማያቋርጥ መንገድ ምረጡ፤ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ሰዓት ጋር የማይጋጭ ጠዋት ምረጡ፤ ክረምቱን ለጭቃው ተዉለት።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ “ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ስፖንሰር” የሚባለው ለቅሶ የሚጀምረው። ለወረዳው ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ሕዝብ ባለበት ሰው ሲሮጥ ፖሊስም ማወቅ አለበት። ማሳወቅ ሌላ፣ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ሪቫን እስኪቆርጥ ዓመት መቀመጥ ሌላ! “ማደራጀት አንችልም” የሚለውንም አንሰማም። እድር ያለው ሰፈር ማደራጀት አልችልም አይልም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ማንም ስፖንሰር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዝተው፣ መዝገብ ይዘው፣ የቀረውን እየቀጡ ስንት ዓመት ኖረዋል። ለቀብር የምናውቅበትን ለእሁድ ጠዋት ሩጫ ያሳጣን ምንድን ነው?

እንዲያውም የስፖርቱ ጥብቅ ሕግ ከእድር መዝገብ የተቀዳ ይመስላል። የወጣ ሁሉ ጨረሰም አልጨረሰም ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ መጥቶ ስሙን ማስመዝገብ አለበት። የመጨረሻው ልጅ ተቆጥሮ እስኪገባ አዘጋጆቹ ቦታቸውን አይለቁም፤ ያልተመለሰ ካለ ፍለጋ ይወጣሉ። ኦሎምፒክ ውስጥ የሌለ ስፖርት ስለሆነ ሜዳሊያ ቆጥሮ የሚሻማበትም አይኖርም። የሚቆጠረው ሰው ብቻ ነው።

አጠናው አለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ክፍት ነው። ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ሞተር ሳይክሉን?