እድራችን ከቀብር በፊት የት ነበር?



በመሳለሚያ ሰው ሲሞት የሚጎድል ነገር የለም። ጎህ ሳይቀድ የእድሩ ጥሩምባ መንደሩን ያዳርሳል። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ከፈኑ ይገዛል፣ አጣቢው ይጠራል፤ ጀናዛው ተሰግዶበት ወደ ኮልፌ መቃብር ይጓዛል። እህል በረንዳ ጆንያ ሲያወርድ የዋለው ወጣት ሳይቀር አቧራውን አራግፎ ይሸኛል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቀበሌ ወይም ወረዳ አይደለም፤ እድር ነው። አልሐምዱ ሊላህ፣ በዚህ ማንም አያማንም።

እኚያው ሟች ግን ሟች ከመባላቸው በፊት ሁለት ክረምት ከአልጋ ሳይወርዱ ከርመዋል እንበል። አንዷ ልጃቸው ዐረብ አገር ናት። ሌላው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከከተማው ዳር ገብቷል፤ መጥቶ ለመመለስ ቀኑን ይፈጅበታል። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ ጀሪካናቸውን የሚሞላ የለም። የግፊት ኪኒናቸው ሲያልቅ ሮጦ የሚገዛ የለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን የእድር መዋጯቸው አልተቋረጠም። መዝገቡ ላይ ስማቸው አለ፣ ከስማቸው ትይዩ "ተከፍሏል" የሚል ምልክት አለ። እድሩ ስለ እሳቸው የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ሁላችንም እንዲህ ያሉ አንድ ሁለት አዛውንት በየሰፈራችን እናውቃለን፤ ስም መጥራት አያስፈልግም።

ማን እንደሆኑ ግን እናስታውስ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ካመጣው ወዲህ መርካቶን የገነቡት ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከወሎ፣ ከሐረርና ከጅማ መጥተው የተሸከሙ፣ ጉልት የዘረጉ፣ እህል ያበጠሩ፣ በርበሬ የለቀሙ ሰዎች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ጡረታ አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 መጣ። አርባ ዓመት ጆንያ የተሸከመ ሰው ግን ቀጣሪው ማን ነበር? ዛሬ አንዱ ነጋዴ፣ ነገ ሌላው። ማንም ሳይመዘግበው ጀርባው ጎበጠ። እንዲህ ላለው ሰው በሕይወቱ ሙሉ ሳያቋርጥ የከፈለበት ብቸኛ መዝገብ የእድር መዝገብ ነው። ስለዚህ ስለ አረጋውያን የምናወራ ከሆነ ጉዳዩ ከእድር ውጭ ሌላ ቤት የለውም።

"የእድር ደንብ ለቀብር ነው፣ ከዚያ አይወጣም" የሚሉ ታላላቆች አሉ፤ እናከብራቸዋለን፣ ግን አንስማማም። ደንብ የሰው ሥራ ነው፣ ተለውጦም ያውቃል። ኤች አይ ቪ ኤድስ አዲስ አበባን ባደማበት ዘመን የእድር ካዝና በተከታታይ ቀብር ተራቆተ። ያኔ በከተማይቱ ያሉ በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ፤ ታማሚን መጠየቅና ማስታመም፣ ወላጅ ላጣ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም በኅብረት ተደራጁ። ሐረር ብንሄድ ደግሞ አፎቻ የሚባለው የሐረሪዎች ማኅበር ከጥንት ጀምሮ ለሐዘንም ለሠርግም ነው። እድር ለሞት ብቻ ነው ያለ ሰማይ የወረደ ሕግ የለም።

እስቲ ባሕር ማዶ እንሻገር። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር የሚኖሩ አዛውንቶች "ወደ መጦሪያ ቤት አንሄድም፣ በቤታችን ነው የምናረጀው" ብለው ተሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ የጀመረ ቢከን ሂል ቪሌጅ የሚባል የአባልነት ማኅበር አቋቋሙ። አባሉ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፤ ማኅበሩ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ አስቤዛ የሚያመጣ፣ የተበላሸ አምፖል የሚቀይር ሰው ያገናኘዋል። ይህ አሠራር ዛሬ በአሜሪካ በብዙ ከተሞች ተባዝቷል፤ አጥኚ ይጽፍበታል፣ ጋዜጣ ያደንቀዋል። እኛ ስናነበው ሳቅ አለን። በስም የሚታወቅ አባል፣ በወር የሚሰበሰብ መዋጮ፣ በሰፈር የታጠረ ወሰን... ይሄ እኮ እድር ነው! እነሱ ከዜሮ ተነስተው የገነቡት ነገር እኛ ጋ ድንኳንና ብረት ድስት ይዞ ቆሞ ይጠብቀናል። ድክመታቸውንም እንወቅ፦ ክፍያው የደሃን አቅም ስለሚፈትን እንዲህ ያሉ ማኅበራት የሚበዙት ደህና ኑሮ ባላቸው ሰፈሮች ነው። በኛ እድር ግን ባለሱቁም ተሸካሚውም እኩል አባል ነው።

ከነሱ የምንቀዳው ሌላው ነገር አዛውንቶቹ ራሳቸው መሪዎቹ መሆናቸው ነው። ይሄ ለኛ ለወጣቶች ይከብደናል። አረጋዊ ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን ዘይትና ዱቄት ተሸክሞ መሄድ ነው። የመንደሩን የሠላሳ ዓመት ጠብና ዕርቅ የሚያውቁ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ጋር እንደማይነጋገር፣ የትኛዋ እናት ርቧት እንኳ "አልሐምዱ ሊላህ ጠግቤያለሁ" እንደምትል የሚያውቁ እነሱ ናቸው። ሹራ ላይ ካልተቀመጡ ሥራው ይከሽፋል። በየዕድሜ ክልሉ ሰው ይኑር፤ ዳኛው የቆዩት አባት ቢሆኑ ችግር የለም፣ ጸሐፊው ግን ስልክና ኮምፒውተር የሚችል ወጣት ይሁን። ገንዘብ ያዡም እንደተለመደው የተከበረ ባለሱቅ ይሁን፣ ነገር ግን በየወሩ የገባውንና የወጣውን አንብቦ ያስፈርም። ተከብሯልና አይጠየቅም የሚለው ልማድ ስንት እድር አፍርሷል!

"ገንዘብ ከየት?" የሚለውን እናስላ። 150 አባወራ ያለው እድር ይኑረን። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢጨምር 3,000 ብር ይሆናል። በዛሬው የመድኃኒትና የአስቤዛ ዋጋ ይህ ሩቅ አይወስድም፤ ራሳችንን አናታልል። አሁን ግን ብሩን ትተን ሰዓት እንቁጠር። ከየቤቱ አንድ ሰው በወር አንድ ሰዓት ቢሰጥ 150 ሰዓት ነው። በሰፈሩ ደጋፊ የሌላቸው 12 አረጋውያን ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ውሃ ይቀዳል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ጤና ጣቢያ ደርሶ ይመጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡና እየተጠጣ ይወራል። የብዙዎቹ ሕመም ደግሞ ብቸኝነት ነው። ለፋርማሲ ሁሉ መዋጮ ማሰባሰብም ግዴታ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆችም መንገድ አለው። የሚጎድለው በምዝገባው ወቅት መታወቂያቸውን ይዞ ወረዳ ሄዶ የሚሰለፍላቸው ልጅ ነው። እኛ ደግሞ ለፓስፖርት መሰለፍ የለመድን ትውልድ ነን፣ ሰልፍ አይገለንም።

እህቶቻችንን ሳናነሳ አናልፍም። በብዙ እድሮች ኮሚቴው ወንድ ነው፣ ጭሱ የሴት ነው። አልጋ ላይ የዋለች እናትን ገላ የሚያጥበው ማን ነው? ሴት ናት። የሰፈሩን ጓዳ ችግር ቀድማ የምታውቀው ማን ናት? እሷው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የምትወስነውም እሷ ትሁን። ባይሆን ለአረጋውያን ጉዳይ የሚቆመው ንዑስ ኮሚቴ በሴቶች እድር ሥር ቢሆን ከጥቅም በቀር ጉዳት አይታየንም።

የገንዘብ አማና ላይ አንድ ስስ ነገር አለ። ረመዳን ሲመጣ "ለአረጋውያን" ተብሎ የሚሰጥ ዘካ ወደ እድሩ ሊገባ ይችላል። ዘካ ደግሞ ባለመብቶቹ በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ስምንት ሆነው ተለይተዋል፤ እርጅና ብቻውን ከስምንቱ አንዱ አይደለም፣ ድህነት ግን ነው። ሦስት ሕንፃ ያላቸው አዛውንት ጠያቂ እንጂ ዘካ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ መዋጮው በአንድ መዝገብ፣ ሶደቃው በሌላ፣ ዘካው በሦስተኛ ይያዝ። የዘካውን ክፍፍል ደግሞ የሚያውቁ ዑለሞችን ጠይቀን እንጂ በኮሚቴ ድምፅ አንወስንም።

ይህ በተለይ የሚያስፈልገው የመሳለሚያ እድር ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ ስለሆነ ነው። ድስቱ የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ይለያል፣ ሐዘኑ ግን አይለይም። "እኛ የኛን አረጋውያን፣ እነሱ የነሱን" የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይሰማል። ኢማም አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ የዘገቡትን እናስታውስ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዓይኑ የጠፋ፣ በየደጁ የሚለምን አይሁዳዊ ሽማግሌ አገኙ። ምን ለልመና እንዳበቃው ሲጠይቁት ግብር፣ ችግርና እርጅና መሆናቸውን ነገራቸው። ወደ ቤታቸው ወስደው ካላቸው ሰጡት፤ ከዚያም ለእሱና ለመሰሎቹ ከበይተል ማል እንዲቆረጥላቸው፣ ግብሩም እንዲነሳላቸው አዘዙ። ጉልበቱ ሳለ የበሉበትን ሰው ሲያረጅ መጣል ፍትሕ እንዳልሆነ ነው የተናገሩት። ግድግዳ ተጋርተን ለኖርነው ጎረቤት ከዚህ በታች መውረድ ያሳፍራል።

አንድ ነገር ደግሞ ሆድ ሆዳችንን ይበላናል፤ ፎቶው! አምስት ሊትር ዘይት ይዞ፣ አሥር ልጅ ከብቦ፣ መሐል ላይ አንገታቸውን የደፉ እናት። እኚህ እናት ትናንት በዚያው ሰፈር ዘካ የሚያወጡ ነበሩ ይሆናል። የልጅ ልጃቸው ያንን ምስል በትምህርት ቤት ያየዋል። አላህ በሱረቱል በቀራ ሶደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል፤ ከዚህ በላይ ማስከፋት ምን አለ? መቄዶንያን የመሰለ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና ያነሳ ድርጅት ሕዝብ ፊት ቆሞ ቢለምን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያለ ሕዝብ አይቆምም፣ በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የቀጥታ ስርጭት ማሰባሰቢያም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር የተገኘው እንዲያ ነው። 150 አባወራ ያለው እድር ግን ለማን ነው የሚያስተዋውቀው? ለአባላቱ ደረሰኝ ይበቃቸዋል።

የሚያጣድፈን ደግሞ ሰፈሩ በቦታው አለመቆየቱ ነው። በአዲስ አበባ መሐል ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ የመርካቶ ዙሪያም ከዚህ አይርቅም። ወጣት አዲስ ሰፈር ገብቶ በሳምንቱ ጓደኛ ያፈራል። የሰባ አምስት ዓመት ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ማን ያውቀዋል? አንዳንድ እድሮች አባሎቻቸው ከተበተኑም በኋላ መዋጮውን እየሰበሰቡ ለቀብር ይገናኛሉ፤ ደግ ነው፣ ግን ለጀሪካኑ አይሆንም። ስለዚህ ከመፍረሱ በፊት ዝርዝር ይያዝ፦ ብቻውን የሚኖር ማን ነው፣ የበር ቁጥሩ ስንት ነው፣ የቅርብ ዘመዱ ስልክ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ደረጃ መውጣት ይችላል ወይ፣ ቢነሳ ከማን ጋር በአንድ ሕንፃ መሆን ይፈልጋል። ይህ ዝርዝር በእጁ ያለው እድር ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ወረዳ ሄዶ "እኚህን ሁለት እናቶች አትለያዩብን፣ ምድር ቤት ስጧቸው" ብሎ መከራከር ይችላል። ዝርዝሩን ለመሙላት ሁለት ጁሙዓ ከሰዓት፣ አንድ ደብተርና በር የሚያንኳኩ አራት ልጆች ይበቃሉ።