ሾፌርና መካኒክ በፊርማ ይተማመኑ

በቃሊቲ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ተሳቢዎችና ጋራዦች ያስተዋለ ሰው፣ የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ በማን እጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ለመረዳት አይቸገርም። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቡናም ሆነ ከጅቡቲ የሚወጣው ማዳበሪያ የሚደርሰው ሾፌሩ መካኒኩን አምኖ ሲነዳ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ውል አብዛኛውን ጊዜ ከቃል አያልፍም። ሾፌሩ «ፍሬኑ ወደ ግራ ይጎትታል» ይላል፤ መካኒኩ «አልቋል፣ ውሰደው» ይላል፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ መኪናው ይወጣል። ማን ምን እንደቀየረ የሚናገር ወረቀት ግን የለም።

ይህን ከአየር ትራንስፖርት አሠራር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አብራሪ ያጋጠመውን ብልሽት በአውሮፕላኑ የቴክኒክ መዝገብ ላይ ይጽፋል። የጥገና ባለሙያው ያደረገውን ከሥሩ ጽፎ ይፈርማል። ቀጣዩ ካፒቴን መዝገቡን አይቶ ካልተቀበለው አውሮፕላኑ አይነሳም። ካፒቴኑ ሞተሩን ፈትቶ አያይም፤ የሚያምነው ፊርማውን ነው።

መዝገቡ የሚያድነው ግን በሙሉ እውነት ሲሞላ ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ከአንድ ቀን በፊት ይኸው አውሮፕላን ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት፣ ሌሎች አብራሪዎች በሰላም አሳርፈውት ነበር። የአገሪቱ መርማሪዎች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት እንደገለጹት፣ እነዚያ አብራሪዎች መሪው በማስጠንቀቂያ መንቀጥቀጡንና አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ የነበረውን ሥርዓት ዘግተው መብረራቸውን በመዝገቡ ላይ አላሰፈሩም። መካኒኮቹም የተጻፈላቸውን ብቻ ጠገኑ። በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላን 157 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም አደጋዎች ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ በተሳሳተ መረጃ የሚነሳሳ የኮምፒዩተር ሥርዓት አፍንጫውን ወደ መሬት ገፍቷል፤ ቦይንግ ስለዚህ ሥርዓት ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ለአብራሪዎች አልነገረም። እንግዲህ የመተማመኑ ሰንሰለት ከመካኒኩ አልፎ ዕቃውን ሠርቶ እስከሸጠው ይደርሳል ማለት ነው። ለቃሊቲ ሲተረጎም፣ የመለዋወጫ ነጋዴውም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም እኩል ዋጋ ይሰጣል፤ መልካሙም ከገበያ ይወጣል። ጋራዥ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሸራውን በትክክል የቀየረውና አሮጌውን አጽድቶ የመለሰው መካኒክ እኩል የሚከፈላቸው ከሆነ ጠንቃቃው የሚከስረው ለምንድን ነው?

ዕዳው በመጨረሻ ባለንብረቱ ላይ ያርፋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርገዋል። «ቶሎ ውጣ፣ ጭነቱ ይጠብቃል» እያለ ሾፌሩን የሚያጣድፈው ባለንብረት የሚያጣድፈው የራሱን ኪሳራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ምርመራም በየጉዞው መካከል የሚፈጠረውን ብልሽት አያይም።

አንዳንድ መካኒኮች «ፊርማ ነገ በፍርድ ቤት ገመድ ይሆንብኛል» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ባለንብረቱ አይቀየር ብሏል» ብሎ የጻፈ መካኒክ ራሱን አዳነ። «ጉድለቱን ተናግሬያለሁ» የሚል ሾፌርም ማስረጃ ያገኛል። ያለ ወረቀት ግን፣ አደጋ ሲደርስ ጥፋቱ የሚለጠፈው በሞተው ወይም በታሰረው ሾፌር ላይ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ካርቦን ያለው ባለሦስት ቅጂ ጥራዝ ይበቃል፤ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለጋራዡ፣ አንዱ ለባለንብረቱ። የትራንስፖርት ማኅበራት ይህን ለአባሎቻቸው ግዴታ ቢያደርጉት፣ የመድን ድርጅቶችም ጥራዙን በአግባቡ ለያዘ ባለንብረት ዓረቦኑን ቢቀንሱለት፣ ለጠንቃቃ መካኒክ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ማለቱ አይቀርም። መተማመን ጥሩ ነው፤ የሚጸናው ግን ስም ሲጻፍበት ነው።