የክንድ ኃይል ብቻውን ታላቅ ያደርጋልን?

በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ ሻይ ቤቶች ወጣቶች ስለ ከባድ ሚዛን ቡጢ ሲከራከሩ፣ ክርክሩ «ማን ማንን ይዘርራል?» በሚል ጥያቄ ይጀመርና በዚያው ያልቃል። በግቢያችንም የሚሰማው ከዚህ የተለየ አይደለም። በአንድ ምት ባላጋራውን የሚያጋድም ሁሉ ታላቅ ይባላል፤ አሥራ ሁለት ዙር ተጋጥሞ በነጥብ የሚረታው ግን «ሸሺ» ተብሎ ይናቃል። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

የዝረራ ኃይል ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ጆርጅ ፎርማን በጥቅምት 1987 ዓ.ም.፣ በ45 ዓመቱ፣ በነጥብ ሲመራ የነበረውን ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘርሮ ሻምፒዮንነቱን መልሷል። እንዲህ ያለ ክንድ የተሸነፈን ሰው ያድናል። ነገር ግን ይኸው ፎርማን በወጣትነቱ፣ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ መሐመድ ዓሊን ሲገጥም፣ 40 ጊዜ አሸንፎ 37ቱን በዝረራ የጨረሰ ነበር። ዓሊ ገመዱን ተደግፎ ቡጢውን አስጨረሰውና በ8ኛው ዙር ጣለው። ፎርማን የጎደለው ኃይል አልነበረም፤ ኃይሉን በልክ ማውጣት ነበር እንጂ።

የዘመናችን ምሳሌም ሩቅ አይደለም። ዲዮንቴ ዋይልደር ካሸነፋቸው 42 ግጥሚያዎች 41ዱን በዝረራ ጨርሶ ሳለ፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ታይሰን ፉሪ ወደ ኋላ እየገፋ በ7ኛው ዙር አስቆመው። ቀኝ እጁን የሚሰነዝርበትን ርቀት ሲያጣ ሌላ መላ አልነበረውም። በአንጻሩ ከታችኛው ሚዛን የመጣው ኦሌክሳንደር ኡሲክ በእግሩና በአእምሮው ተጠቅሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ፉሪን በነጥብ ረታ፤ አራቱን ዋና ዋና ማዕርጎችም ጠቀለለ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚቀርበን ግን የጆ ሉዊስ ታሪክ ነው። በሰኔ 1927 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ኢጣልያ ሊወረን በሚዘጋጅበት ወራት፣ ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ግዙፉን ኢጣልያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በኒው ዮርክ በ6ኛው ዙር አሸነፈ። የአሜሪካ ጥቁሮችም ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ግጥሚያ አድርገው ተመለከቱት። በዓመቱ ግን ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ራሱን ሉዊስን በ12ኛው ዙር ዘረረው። ሉዊስ በግራው ከመታ በኋላ እጁን ዝቅ ያደርግ ነበርና፣ ሽሜሊንግ ይህን አጥንቶ በቀኙ ገባበት። ሉዊስ በሰኔ 1929 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሽሜሊንግን በ1ኛው ዙር ጣለው፤ ማዕርጉንም በጠቅላላው 25 ጊዜ ተጋጥሞ አስጠበቀ። ክንዱ በ1928ም በ1930ም ያው ነበር። የተለወጠው ሰውዬው ነው፤ ጉድለቱን አውቆ አረመ። ታላቅነት የምንለው ይህንን ነው።

በሩጫችንም የምናውቀው ነገር ነው። በሃያ ሁለት አልፎ መገናኛ የሚደርሰው ጎዳና በስሙ የሚጠራው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በመቶኛ ሰከንዶች ነበር። ሁላችንም የምናስታውሰው የመጨረሻዋን አፈትልኮ መውጣት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን 24 ዙሮች ከመሪዎቹ ጋር ያልዘለቀ ሯጭ ያን ፍጥነት ምን ያደርግበታል?

ይህን ክርክር የምናነሣው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ ጓንት የሚያጠልቅ ታዳጊ ከጭብጨባችን ይማራል። መምታትን ብቻ ካደነቅንለት ራሱን መከላከልን ይንቃል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በጭንቅላቱ ነው። እኛ ተማሪዎችም ብንሆን ከዚህ ትምህርት ነጻ አይደለንም። በፈተና ዋዜማ አንድ ሌሊት አንብቦ የሚያልፍ ጓደኛችንን እንደ ጀግና እናወራለታለን፤ ዓመቱን ሙሉ በትዕግሥት የሚሠራውን ግን ማንም አያነሣውም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚቀጥለውን ግጥሚያ ስትመለከቱ ዓይናችሁን ከቡጢው አንሥታችሁ ወደ እግር አጣጣሉና ወደ መከላከሉ መልሱ። ዝረራው ሲመጣ አብረናችሁ እናጨበጭባለን። ታላቅ ብለን የምንጠራው ግን ዝረራው ሳይመጣ ሲቀር የሚያደርገውን የሚያውቀውን ሰው ነው።