የ«ጎ» ጨዋታ አጀማመር በሽምደዳ ይሆናልን?

«ጎ» ከቻይና ተነሥቶ በጃፓንና በኮሪያ የተስፋፋ ጥንታዊ ጨዋታ ነው። (ስሙ «በጎ» ከሚለው ቃላችን ጋር ዝምድና የለውም፤ ጨዋታው ግን በጎ ነው።) ሰሌዳው በቁመት 19፤ በአግድም 19 መስመሮች ሲኖሩት፤ መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች 361 ናቸው። አንዱ ጥቁር፤ ሌላው ነጭ ጠጠር በየተራ እያኖረ ባዶውን ስፍራ ያጥራል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጠጠር ወዴት ይቀመጥ? የቆየው ትምህርት መጀመሪያ ማዕዘን፤ ቀጥሎ ጠርዝ፤ በመጨረሻ መካከል ይላል። ይኸውም በማዕዘን ላይ ሁለቱ የሰሌዳው ጠርዞች አጥር ስለሚሆኑ የቀሩትን ሁለት ወገኖች ብቻ ማጠር ስለሚበቃ ነው። በጠርዝ ሦስት፤ በመካከል ግን አራቱንም ወገን ማጠር ያስፈልጋል።

ይህን የተረዳ ሰው ደኅና ይጀምራል። ዛሬ ግን ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ የኮምፒዩተርን አጀማመር ከስልካቸው እያዩ እስከ 20ኛው ጠጠር ድረስ ይሸመድዳሉ። ምክንያቱን ቢጠየቁ «ኮምፒዩተሩ እንዲህ ስላደረገ ነው» ይላሉ። እኔ ይህን አልደግፍም።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ባላጋራ በማዕዘን ከሁለቱም ጠርዝ አራተኛው መስመር ላይ ጠጠር ቢያኖር፤ በሦስተኛው መስመር ገብቶ ማዕዘኑን መንጠቅ ይቻላል። ቀድሞ መምህራን ይህን ገና በመጀመሪያ ማድረግን ይነቅፉ ነበር፤ የገባው ትንሽ ስፍራ ሲያገኝ ባላጋራው በውጭ በኩል ወደ መካከል የሚመለከት ግንብ ይሠራልና። በ2016 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኮሪያውን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ያሸነፈው አልፋጎ የተባለው ኮምፒዩተር በኋላ ይህንኑ ደጋግሞ ቢያሳይ፤ ከ2017 ወዲህ ታላላቆቹ ተጫዋቾችም ተከተሉት። ጓደኞቼም ይገባሉ፤ ማዕዘኑንም ይይዛሉ፤ ግንቡን ከጥቅም ውጭ ማድረግን ግን ስላላጠኑት ወዲያው ግራ ይገባቸዋል።

«ኮምፒዩተሩ ከሰው ይበልጥ ያውቃል፤ ብንቀዳው ምን ነውር አለበት?» የሚል ይኖራል። ማወቁስ ያውቃል። ነገር ግን በ2017 የወጣው አልፋጎ ዜሮ የሰው ጨዋታ አንድ ስንኳ ሳይሰጠው፤ ሕጉን ብቻ ይዞ በ3 ቀን ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ጊዜ ከራሱ ጋር ተጫውቶ የተማረ ነው። እነርሱ የሚቀዱት እርሱ ከማንም አልቀዳም!

ከሰውም ወገን ምስክር አለ። በቻይና ተወልዶ በ1928 ወደ ጃፓን የሄደው ጎ ሴይገን በ1933 ከታላቁ መምህር ከሆኒንቦ ሹሳይ ጋር ሲጋጠም ዕድሜው 19 ነበር። የመጀመሪያ ጠጠሩን በሆኒንቦ ቤት በተነቀፈው በሦስተኛው መስመር ማዕዘን፤ ሁለተኛውን በአራተኛው መስመር ማዕዘን፤ ሦስተኛውን በሰሌዳው መካከል አኖረ። ሹሳይ በፈለገ ጊዜ የማቋረጥ መብት ስለ ነበረው ጨዋታው ከሦስት ወር በላይ ቆየ፤ ሴይገንም በ2 ነጥብ ተሸነፈ። ቢሆንም ያደረገው ዘፈቀደ አልነበረም፤ ማዕዘኑን በአንድ ጠጠር ይዞ በፍጥነት ወደ ሌላው ለመሄድ አስቦ ነው። በመካከል መጀመር አልተለመደም፤ የአራተኛው መስመር ማዕዘን ግን ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ ከተለመዱት አጀማመሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ስልኩ ኪስ ይግባ። ጨዋታው ሲያልቅም ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን 10 ጠጠሮች እንደ ገና ደርድረው የእያንዳንዱን ምክንያት ይጠያየቁ፤ መልስ ያጣ ሰው ያሸነፈም ቢሆን ሰሌዳውን ጠራርጎ ይመልስ።