ከዓባይ በረሃ እስከ ማርቆስ
ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠማዘዘው የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ የሚፈልገው ከባድ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋልና። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ፍሪ ሲደረግ ግን ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም አልይዝ ይላል። (አይሱዙ የጭነት መኪናን «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም ያሰጠው አነዳዱ እንጂ መኪናው አይደለም።) ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ መንገዱ ሲቃና ጥፋቱ መልኩን ይቀይራል፤ በክረምት ጉም መብራት ሳያበሩ ደርቦ ማለፍ ይመጣል። ከሁሉ የሚያስቆጣው ድንጋዩ ነው፤ ብልሽት የገጠመው ሹፌር ለምልክት የደረደረውን ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ትቶ ይሄዳል፣ ዕዳውን ማታ የሚመጣው ባጃጅ ይከፍላል። ትራፊክ ፖሊስ መኖሩን በመብራት ለመጠቆም የማይሰንፈው ሹፌር ድንጋይ ለማንሳት ሲሆን ወገቡን ያመዋል።